ዕድሌ ስንት ፐርሰንት ነው? ስለ አሜሪካ የሴቶች ኮሌጆች ከአንባቢዎች የደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጠናል። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ አሜሪካ ያሉት፣ ሴቶችን ብቻ የሚያስተምሩትና ለመግባት የሚከብዱት ኮሌጆች (ዌልዝሊ፣ ባርናርድ፣ ማውንት ሆልዮክ፣ ስሚዝ፣ ብሪን ማርና የመሳሰሉት) ይቀበሉናል ወይ? የጠያቂዎቹ ኑሮ ግን ለየቅል ስለሆነ መልሱም ለየቅል ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አማካይ ውጤቴ ከ93 ወርዶ አያውቅም። ሁሌም ከክፍሌ 1ኛ ወይም 2ኛ ነኝ። ስለ ዌልዝሊና ስለ ማውንት ሆልዮክ አንብቤ ልቤ እዚያ ቀርቷል። ዌልዝሊ ከመቶ አመልካች 14 ያህሉን፣ ማውንት ሆልዮክ ደግሞ ከሦስት አንዱን እንደሚቀበል አየሁ። የኔም ዕድል ያን ያህል ነው ማለት ነው? ኤስኤቲ የሚባለውን የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና አልወሰድኩም። ክበብ ላይ ብዙም የለሁበትም፣ ምክንያቱም እናቴ ለሆቴሎች እንጀራ እየጋገረች ነው የምታሳድገን፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሷን ነው የማግዘው። አባቴ በሕይወት የለም። የምንከፍለው ገንዘብ የለንም። እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ንገሩኝ ስላልሽ ከሚከብደው ልጀምር። ያነበብሽው 14 ከመቶ የአመልካቹ ሁሉ አማካይ ነው። ቦስተን አጠገብ ያደገች፣ ወላጆቿ ሙሉውን የሚከፍሉላት ልጅም፣ አንቺም እዚያው ቁጥር ውስጥ አላችሁ። ኮሌጁ ግን ሁለታችሁን የሚያያችሁ በአንድ መንገድ አይደለም፤ የሚለያያችሁም ገንዘብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዌልዝሊና ባርናርድ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት ልጅ ስታመለክት፣ ስለ መቀበል ሲወስኑ መክፈል ትችላለች ወይ ብለው አይጠይቁም። ከተቀበሏት በኋላ ነው ስለ ገንዘቡ የሚነጋገሩት። ከውጭ አገር ስታመለክቺ ግን የምትጠይቂው የገንዘብ መጠን ራሱ ውሳኔው ውስጥ ይገባል። ማውንት ሆልዮክ፣ ስሚዝና ብሪን ማርም ለውጭ ተማሪ እንዲሁ ናቸው። የአንድ ዓመት ትምህርት፣ ዶርምና ምግብ ሲደመር ወደ 90 ሺህ ዶላር ይጠጋል። አንቺ የምትጠይቂው ይህን ሁሉ ነው፣ ያውም ለአራት ዓመት። እንዲህ ሙሉ ወጪ የሚሸፈንላቸው የውጭ ተማሪዎች ጥቂት ናቸው። ለዚያች ጥቂት ቦታ ከኔፓል፣ ከፓኪስታን፣ ከጋና፣ ከኬንያም እንዳንቺ አንደኛ የሚወጡ ልጆች ይሰለፋሉ።

ስለዚህ ያንቺ ዕድል ከታተመው ቁጥር ያንሳል፣ በብዙ ያንሳል። ይህን የምነግርሽ ሁለት ኮሌጅ ብቻ አመልክተሽ መጋቢት ላይ ባዶ እጅሽን እንድትቀሪ ስለማልፈልግ ነው። መልካም ጎንም አለው። ዌልዝሊ፣ ማውንት ሆልዮክ፣ ስሚዝና ብሪን ማር ድጋፍ ጠይቃ ያመለከተችን ልጅ አንዴ ከተቀበሉ፣ ቤተሰቧ የማይችለውን በሙሉ ለመሸፈን ቃል ገብተዋል። ገብተሽ ግማሽ መንገድ ላይ የሚጥሉሽ አይደሉም። ከባዱ በሩ ላይ ነው።

ወደ ራስሽ ዕድል የሚያቀርብሽ ቁጥር ሌላ ቦታ ነው ያለው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች በየዓመቱ ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከዚህ ጋር አድርገሽ ጎግል ላይ ብትፈልጊ ይመጣልሻል። ረጅም ስለሆነ ሁሉንም ማንበብ የለብሽም። ቢ2 የሚለው ሠንጠረዥ ላይ በዚያ ዓመት አዲስ ከገቡት ውስጥ የውጭ ዜጎቹ ስንት እንደሆኑ ታያለሽ። ከዚያ ወደ ሰነዱ መጨረሻ ውረጂና ኤች6 የሚለውን ፈልጊ። እዚያ ኮሌጁ ለውጭ ዜጋ ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ፣ ስንት የውጭ ተማሪ እንዳገኘና በአማካይ ስንት ዶላር እንደደረሳቸው ተጽፏል። ኤች6 ከመጀመሪያ ዓመት እስከ ተመራቂ ያሉትን በአንድ ላይ ስለሚቆጥር ለአራት አካፍይው። የሚወጣልሽ በዓመት ድጋፍ አግኝተው የሚገቡ የውጭ ተማሪዎች ግምት ነው። አማካዩንም እይ። 20 ሺህ ዶላር ከሆነ ኮሌጁ ገንዘቡን ለብዙዎች ትንሽ ትንሽ ያካፍላል ማለት ነው፣ ላንቺ አያወጣሽም። 70 ሺህና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን እንዳንቺ ያሉ ልጆችን በእርግጥ ያስገባል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለአምስት ስድስት ኮሌጅ ብትሠሪ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሻል፤ ማንም አማካሪ ነኝ ባይ ከሚነግርሽ የበለጠም ታውቂያለሽ።

አሁን በእጅሽ ወዳለው እንምጣ። እዚያው ሰነድ ላይ ሲ7 የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ ኮሌጁ ለየትኛው ነገር ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ይናገራል። እንዲህ ባሉ ኮሌጆች ከላይ ሆነው የምታገኚያቸው የትምህርትሽ ጥንካሬ፣ ውጤትሽ፣ የአስተማሪዎች ደብዳቤና ድርሰትሽ ናቸው። ባንቺ በኩል ጠንካራው ውጤትሽ ነው። ግን እንዴት አድርገሽ ነው የምታሳያቸው? እዚህ ላይ ብዙ የአገራችን ልጆች ሳያውቁ ዕድላቸውን ያበላሻሉ።

1ኛ ወይም 2ኛ ነኝ ብለሻል። ከስንት ልጅ? የእኛ ትምህርት ቤቶች ደረጃ የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ በሴክሽን ነው። ከ50 ልጅ 2ኛ መሆንና ከጠቅላላው 12ኛ ክፍል፣ ከ400 ተማሪ 5ኛ መሆን እዚያ ለሚያነበው ሰው በጣም ይለያያል። ሁለተኛው ይበልጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤትሽ ከሁሉም ሴክሽን ያለሽን ደረጃ አስልቶ፣ የተማሪውን ብዛት ጠቅሶ፣ ማኅተም አድርጎ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። ሬከርድ ቢሮ መመላለስ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ፣ ግን ተመላለሺ። ደግሞ 93ሽን ወደ 4.0 ለመቀየር አትሞክሪ። ኮመን አፕ በሚባለው፣ ለብዙ ኮሌጅ በአንድ ፎርም በሚመለከትበት ድረ ገጽ ላይ ከመቶ እንዳለ ማስገባት ይቻላል፣ እነሱም የየአገሩን ማርክ ማንበብ ያውቃሉ።

የትምህርት ቤት መግለጫ የሚባል አንድ ገጽ ወረቀትም ይጠይቃሉ። እዚያ አገር ይህን የሚያዘጋጀው ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ነው። እኛ ጋ ርዕሰ መምህሩ ናቸው፣ ምናልባትም ከዚህ በፊት ጽፈው አያውቁ ይሆናል። እውነተኛውን መረጃ አንቺ ሰብስበሽ ስጫቸው፤ ትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ እንዳለው፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ፣ ቤተ ሙከራና ኢንተርኔት እንዳለና እንደሌለ። ስለ ማትሪክም አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑርበት። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን የማያውቅ አሜሪካዊ ከመቶ 70 ሲያይ ደካማ ተማሪ ይመስለዋል።

ማትሪክሽ ክረምት ላይ ስለሆነ ማመልከቻውን አይደርስበትም። ዘንድሮ የምትመዘኚው በትራንስክሪፕትሽ ነው። ዘንድሮ ባይሳካ፣ ጥሩ የማትሪክ ውጤት ይዘሽ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት ትችያለሽ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ኮርስ ከጀመርሽ እንደ ትራንስፈር (ከሌላ ኮሌጅ እንደሚዛወር ተማሪ) ልትቆጠሪ ትችያለሽ፣ ለውጭ አገር ትራንስፈር ያለው ገንዘብ ደግሞ ከዚህም የጠበበ ነው።

ኤስኤቲ አለመውሰድሽ ብቻውን አይጥልሽም። ማውንት ሆልዮክ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አያስገድድም፣ ስሚዝና ብሪን ማርም ከቆዩ ዓመታት ወዲህ እንዲሁ ናቸው፣ ዌልዝሊ ከኮሮና ወዲህ አማራጭ አድርጎታል። ሆኖም ምክሬን ከጠየቅሽኝ፣ ወጪውን የሚሸፍንልሽ ካገኘሽ ውሰጂው። ትምህርት ቤትሽን ማንም እዚያ አያውቀውም፤ 1400ና ከዚያ በላይ ብታመጪ 93ሽን የሚያስረዳልሽ ምስክር ይሆናል። ዝቅ ካለ አትላኪውም፣ ማንም አይጠይቅሽም። የእንግሊዝኛ ፈተና ግን ብዙውን ጊዜ አይቀርም። ዱኦሊንጎ ከቶፍልና ከአይልትስ ይረክሳል፣ ቤት ሆነሽም ትወስጂዋለሽ። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ግን ፈተናው ይበላሻል፣ ስለዚህ መብራትና ኔትወርክ የሚታመንበት ቦታ ፈልጊ።

ስለ ክበብ ያልሽው ነገር አሳዝኖኛል፣ ምክንያቱም ትልቁን ሀብትሽን እንደ ጉድለት ነው የጻፍሽው። ኮመን አፕ ላይ ተሳትፎ የሚሞላበት 10 ቦታ አለ። ከምርጫዎቹ ውስጥ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል በግልጽ ተቀምጧል፤ ሥራ የሚልም አለ። ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚፈቀድልሽ 150 ፊደል ብቻ ነው። “እናቴን አግዛለሁ” ብለሽ ብትጽፊ ማንም ምንም አያይበትም። ራስሽን ጠይቂ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? ስንት ሆቴል ነው? ትእዛዝ የሚቀበለው ማነው? ጤፍ ሲወደድ የእንጀራውን ዋጋ ማን ያሰላል? ዱቤውን ማን ይይዛል? መልሱ አንቺ ከሆንሽ እንዲህ ይሁን፤ “ለ3 ሆቴል የእንጀራ ትእዛዝ እቀበላለሁ፤ የጤፍና የዱቤ ሒሳብ እይዛለሁ፤ ጤፍ ሲወደድ አዲሱን ዋጋ አስልቼ ከደንበኛ ጋር እደራደራለሁ።” ይህ አንድ ንግድ የምታስተዳድር የ17 ዓመት ልጅ ነው የሚያሳየው፣ ከክበብ ሊቀመንበርነት ይከብዳል። ያልሠራሽውን ግን አንድም ቃል እንዳትጨምሪ። ታናናሾችሽን የምታስጠኚ ከሆነም ራሱን ችሎ ይግባ።

ድርሰቱ 650 ቃል ነው። የአባትሽን ሞት ለመጻፍ ግዴታ የለብሽም። ችግርን ዘርዝሮ እዘኑልኝ ማለት ለማንም አልጠቀመም፤ አንባቢው የሚፈልገው የምታስቢበትን መንገድ ነው። ለድጋፍ ደብዳቤም ስምሽን ብቻ የሚያውቅ ዳይሬክተር አትምረጪ። ጥያቄ ስትጠይቂው የተከራከረሽ፣ ያረመሽ የፊዚክስ ወይም የእንግሊዝኛ መምህር ይሻላል። “ታታሪና ጨዋ ተማሪ ናት” የሚል ደብዳቤ በሺዎች ይደርሳቸዋል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ያደረግሽውን ነገር የሚተርክ ግን ጥቂት ነው።

ወጪ እንዳያስፈራሽ። ዌልዝሊና ስሚዝ የማመልከቻ ክፍያ የላቸውም፣ ሌሎቹም ክፍያ ካላቸው ችግርሽን ገልጸሽ ስትጠይቂ ብዙውን ጊዜ ያነሱልሻል። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው የገንዘብ ፎርም ክፍያ አለው፤ ኮሌጁን በኢሜይል ነጻ ኮድ ጠይቂ። እናትሽ የደሞዝ ወረቀት ስለሌላቸው ገቢያቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳ አውጥተሽ አስተርጉሚ።

ሁለት ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅሽ። አንደኛ፣ “ድጋፍ አልፈልግም በዪ፣ ከገባሽ በኋላ ትጠይቂያለሽ” የሚሉሽን አትስሚ። እንዲህ ያሉ ኮሌጆች ሲያመለክት ድጋፍ ላልጠየቀ የውጭ ተማሪ ኋላ እንደማይሰጡ ብዙውን ጊዜ በግልጽ ጽፈዋል። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ተቀብሎ “ዕድልሽ 80 ፐርሰንት ነው” የሚል ኤጀንት ሲገጥምሽ ጥለሽው ሂጂ። የኮሌጁ ሰዎች ራሳቸው ያን ሊነግሩሽ አይችሉም።

የኔ ፍርድ ይኸው። ማውንት ሆልዮክን አስቀድሚ። ብዙ የውጭ ዜጎች ያስተምራሉ፣ ከእንዳንቺ ያለ ትምህርት ቤት የመጣ ማመልከቻ ማንበብ ለምደዋል። ልብሽ እሱ ላይ ከቆረጠ በኧርሊ ዲሲዥን ማመልከት ትችያለሽ፤ ቀኑ ኅዳር መጀመሪያ አካባቢ ነው። ከተቀበሉሽ እገባለሁ ብለሽ የምትፈርሚበት መንገድ ነው፣ የሰጡሽ ገንዘብ ካልበቃ ግን ይለቁሻል። ከዚያ ለመደበኛው ዙር ዌልዝሊን፣ ስሚዝንና ብሪን ማርን ጨምሪ። ወንድና ሴት የሚማሩበት ቢሆንም ኬንታኪ ያለው በሪያ ኮሌጅ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፣ ጥቂት የውጭ ተማሪም በየዓመቱ ይወስዳል። ባንግላዴሽ፣ ቺታጎንግ ያለው የእስያ የሴቶች ዩኒቨርሲቲም አቅም ለሌላቸው ልጆች ታስቦ የተከፈተ ነው። ጋና ያለውን አሸሲ ዩኒቨርሲቲንም እይ። እዚህ ደግሞ ለማትሪክ የምታደርጊውን ዝግጅት በአንዲት ቀን እንኳ እንዳታጓድዪ። ውጤትሽ ለማመልከት ያበቃሻል። አመልክቺ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ቤተሰብ ነን። ሁላችንም ዜጎች ነን። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ጂፒኤዋ 3.9 ነው፣ ኤፒ የሚባሉትን ከበድ ያሉ ትምህርቶች ወስዳለች። ባርናርድ ወይም ዌልዝሊ ካልሆነ ትላለች። እኔ ሴቶች ብቻ ያሉበት መሆኑ ደስ ብሎኛል፣ አባቷ ግን “የሴት ብቻ ኮሌጅ ዲግሪ ማን ይቀጥርበታል?” ይላል። እሱ ኡበር ነው የሚሠራው፣ እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፤ አገር ቤት ለወላጆቻችንም እንልካለን። ጥቁር በመሆኗ ቅድሚያ ታገኛለች ይሉኛል። እውነት ነው? ዕድሏስ ምን ያህል ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ለአባቷ ልመልስ። ከባርናርድ የምትመረቅ ልጅ ዲግሪዋን የምትቀበለው ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ግቢው ማንሃተን ውስጥ ከኮሎምቢያ ፊት ለፊት ነው፣ ክፍሎቹንም ተሻግራ ትማራለች። የዌልዝሊ ተማሪዎች ኤምአይቲ ሄደው መማር ይችላሉ። ስሚዝ ምህንድስና ያስተምራል። ማድሊን ኦልብራይትና ሂላሪ ክሊንተን፣ ሁለቱም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት፣ የዌልዝሊ ተመራቂዎች ናቸው። አባቷ በዚህ አይጨነቁ። እርስዎም ግን ገዳም አድርገው አያስቡት፤ ከሌላ ኮሌጅ ተሻግረው የሚመጡ ወንዶች ክፍል ውስጥም ግቢ ውስጥም ይገኛሉ። ልጅዎ የምትመርጠው ለመማር ከሆነ ጥሩ ነው፤ እርስዎ የሚመርጡት ለመጠበቅ ከሆነ ግን ያ ሐሳብ ኮሌጁ ከሚሰጠው ነገር ጋር አይገናኝም።

ወደ ዕድሏ እንመለስ። ባርናርድ በቅርብ ዓመታት ከመቶ አመልካች 10 አይሞላም የሚቀበለው። ዌልዝሊ 14 አካባቢ ነው። 3.9 ጥሩ ነው፣ ግን ከሚያመለክቱት አብዛኞቹም እዚያው አካባቢ ናቸው፣ ስለዚህ በሩን ያስነካታል እንጂ አያስገባትም። ደግሞ 3.9ኙ ዌይትድ (ለከባድ ኮርስ ተጨማሪ ነጥብ የሚታከልበት) ነው ወይስ አይደለም? ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ዌይትድ ከሆነ እውነተኛው ዝቅ ይላል፣ ነገሩም ይቀየራል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያዩት ትምህርት ቤቷ ካለው ከባድ ኮርስ ውስጥ ምን ያህሉን እንደወሰደች ነው። ትምህርት ቤቱ 20 ኤፒ እያለው 3 ወስዳ 3.9 ያመጣችና 8 ወስዳ 3.8 ያመጣች ሲቀርቡ፣ ሁለተኛዋ ትቀድማለች።

የሷን ዕድል በተሻለ የሚያሳየው ጎረቤት የሚለው ሳይሆን ከራሷ ትምህርት ቤት ባለፉት ዓመታት ማን ተቀብሎ ማን እንደቀረ ነው። ብዙ ሀይስኩሎች ይህን ናቪያንስ በመሰለ ሲስተም ይይዙታል፣ የተማሪዎቹን ስም ሳይገልጽ ጂፒኤያቸውን ያሳያል። ካውንስለሯ ጋ ቀጠሮ ይያዙና አብረው ይዩት። ሦስት ልጅ ብቻ ካመለከተ ግን ከዚያ ብዙ አይደምድሙ።

ስለ ዘር የሚሉዎት ጊዜው አልፎበታል። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኮሌጆች ለዘር ነጥብ እንዳይሰጡ ወስኗል። ልጅዎ ግን ስላደገችበት ቤት፣ ሁለት ቋንቋ እያወራች ስላሳለፈችው፣ ሆስፒታል ለዘመድ አስተርጉማ ከሆነም ስለዚያ መጻፍ ትችላለች። ፍርድ ቤቱ ተማሪ ስለ ሕይወቱ እንዳይጽፍ አልከለከለም። ብትጽፍ ግን የእውነት የሷ የሆነውን ትጻፍ፤ ቡናና እንጀራ ብቻ የሚዘረዝር ድርሰት ስለሷ ምንም አይነግራቸውም።

አሁን በጣም የሚጠቅማችሁ ነገር ኧርሊ ዲሲዥን ነው። በዚህ መንገድ ከሚያመለክቱት የሚቀበሉት መጠን በሁለቱም ኮሌጅ ከመደበኛው ብዙውን ጊዜ እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ቀድሞም ጠንካራ የሆኑ ልጆች ስለሚሰለፉ ነው፣ ቢሆንም ልዩነቱ እውነት ነው። የሚቻለው ግን በአንድ ጊዜ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ባርናርድና ዌልዝሊ እኩል ናቸው ማለት አያስኬድም። ኒውዮርክ መሃል መኖርና ሐይቅ ዳር ያለ ጸጥ ያለ ግቢ ውስጥ መኖር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ አንዷን ትምረጥ።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሒሳቡን እዩ። ማይኢንቱይሽን የሚባል አጭር ማስያ አለ፣ የዌልዝሊ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር የሠሩት ነው፤ ጥቂት ጥያቄ መልሰው ግምቱን ያያሉ። ለእናንተ አንድ ችግር አለ። አባቷ ኡበር ስለሚሠሩ የግል ሥራ ነው የሚቆጠረው፣ ማስያዎቹም እዚያ ላይ ይሳሳታሉ። ታክስ ስታሳውቁ ለመኪናው እርጅና ያስቀነሳችሁትን ብዙ ኮሌጆች መልሰው ገቢ ላይ ይደምሩታል። ስለዚህ ታክስ ወረቀቱ ላይ 30 ሺህ የሚመስለው ገቢ እነሱ ጋ ሲደርስ ከፍ ሊል ይችላል። የሁለት ዓመት ታክስ ይዘው ለኮሌጁ የፋይናንስ ቢሮ ይደውሉና ቅድመ ግምት ይጠይቁ። አገር ቤት የምትልኩትን ገንዘብ ደግሞ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ላይ ልዩ ሁኔታ በሚለው ቦታ ጻፉት፣ የባንክ ወይም የሐዋላ ደረሰኝም አያይዙ። የመቁጠር ግዴታ የለባቸውም፣ ካልጻፋችሁት ግን ጨርሶ አያውቁትም።

ሁለቱ ብቻ የሚለውን ግን አልደግፍም። ስሚዝ ከመቶ 20 ያህል ይቀበላል፣ ብሪን ማርና ካሊፎርኒያ ያለው ስክሪፕስ ከዚያ ይሰፋሉ። አትላንታ ያለው ስፔልማን የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ ነው፣ ከ1881 ጀምሮ አለ፣ ልጅዎ ሄዳ ብታየው ሐሳቧ ሊቀየር ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድም ከቤታችሁ ቅርብ ነው፣ ለነዋሪ ክፍያው ቀላል ነው፣ ልታፍሩበት የሚገባ ትምህርት ቤት አይደለም።

ጥያቄ፦ በዲቪ መጥቼ ሲያትል ነው የምኖረው። 31 ዓመቴ ነው። ሆም ኬር እየሠራሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ፣ እስካሁን 3.8 አለኝ። የ5 ዓመት ልጅ አለኝ። አንዲት አስተማሪዬ ስሚዝ ወይም ማውንት ሆልዮክ አመልክቺ አለችኝ። በዚህ ዕድሜ ከ18 ዓመት ልጆች ጋር ተወዳድሬ እገባለሁ?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ አስተማሪሽ የምትለውን ታውቃለች። ከ18 ዓመት ልጆች ጋር አትወዳደሪም። ስሚዝ አዳ ኮምስቶክ የሚባል፣ ማውንት ሆልዮክ ደግሞ ፍራንሲስ ፐርኪንስ የሚባል ዕድሜያቸው ከፍ ላለ ሴቶች የተዘጋጀ መግቢያ አላቸው። ዌልዝሊም ዴቪስ የሚባል አለው። ፍራንሲስ ፐርኪንስ ራሷ የማውንት ሆልዮክ ተመራቂ ነበረች፣ በ1933 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ካቢኔ ውስጥ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በእነዚህ በኩል የምትገቢው ክፍል፣ መምህርና ዲግሪ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው የሚመዝኑበት መንገድ ነው። ሀይስኩል ላይ ያመጣሽው ብዙም አያስጨንቃቸውም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ያመጣሽው 3.8 እና ሥራና ልጅ ይዘሽ ያመጣሽው መሆኑ ነው የሚታየው።

ከመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ጋር ያለሽን ልዩነትም እይው። ግሪን ካርድ ስላለሽ ለገንዘብ ድጋፍ የምትታዪው እንደ ዜጋ ነው፣ ከፌዴራሉ መንግሥትም ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ ድጋፍ ማግኘት ትችያለሽ። ከ24 ዓመት በላይ ስለሆንሽ ደግሞ ፋፍሳ በሚባለው የመንግሥት የድጋፍ ፎርም ላይ የወላጅ ገቢ አትጠየቂም፤ የሚታየው ያንቺ ነው። በሆም ኬር ደሞዝ ልጅ የምታሳድግ ሴት የሚሰጣት ድጋፍ ከፍ ያለ ነው የሚሆነው።

ዕድልሽን የሚወስነው በተለይ የወሰድሻቸው ኮርሶች ዓይነት ነው። እነዚህ ኮሌጆች የሊበራል አርትስ ናቸው፤ ጽሑፍ፣ ሒሳብ፣ ታሪክና ሳይንስ ይቀበላሉ፣ የሙያ ስልጠና የሆኑትን ኮርሶች ግን ብዙ ጊዜ አይቆጥሩም። የነርስ ረዳት ኮርስ ወስደሽ ከሆነ አይተላለፍም ብለሽ አስቢ። በሚቀጥለው ተርም አንድ ብዙ የሚያስጽፍ ኮርስ ውሰጂና ከመምህሩ ጋር በደንብ ተዋወቂ፣ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ እሱ ነው።

ከባዱ ልጅሽ ነው። ኮሌጆቹ ያሉበት ማሳቹሴትስ ከሲያትል አገር ለአገር ያህል ይርቃል፣ እዚያ ዘመድ ከሌለሽ ልጁን የሚይዝልሽ ማን ነው? ስሚዝ የአዳ ኮምስቶክ ተማሪዎች ጭነት ቀንሰው እንዲማሩ ይፈቅዳል፣ ይህ ይረዳሻል፤ ግን መኖሪያ፣ የልጅ መዋያና የጤና ኢንሹራንስ ወጪው በድጋፉ ውስጥ ይታሰብ እንደሆነ ከማመልከትሽ በፊት በስልክ ጠይቂያቸውና መልሱን በኢሜይል እንዲጽፉልሽ አድርጊ። ካልተመቸ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን እዚያው አጠገብሽ አለ፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚመጡ የግዛቱ ልጆች በሩ ክፍት ነው፣ ልጅሽንም ከለመደው ቦታ አታነሺውም። እኔ ብሆን ሁለቱንም አመለክታለሁ። የአገር ቤት የ12ኛ ክፍል ሰነድሽን ግን ዛሬውኑ አስጀምሪ። ትራንስክሪፕት አስወጥቶ፣ በታሸገ ፖስታ አስልኮ፣ እዚህ አስገምግሞ እስኪያልቅ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ያለዚያ ፋይልሽ አይከፈትም።